የእንጀራ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ማታ ነው፤ ልጄ ተኝታለች፤ ማይክሮፎኑን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከማቀዝቀዣው ድምፅ ጋር እየታገልኩ ነው። የማወራው ዛሬ ነገ እያልኩ ለዓመታት ሳሳድረው ስለኖርኩት ጉዳይ ነው፤ ስለ ሶሻል፣ ሌላ መተዳደሪያ ሲጠፋ ከማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ስለሚጠየቀው የገንዘብ እርዳታ።

ስቶክሆልም ያለን አበሾች ይህን ቃል ስንጠራ ድምፃችን ዝቅ ይላል። «እሷ እኮ ሶሻል ላይ ናት» የሚባለው ስለ ክፉ በሽታ በሚንሾካሾኩበት ድምፅ ነው። እኔ አሥራ አራት ወር ሶሻል ላይ ነበርኩ። ይኸው፣ ተናገርኩት።

አስቀድሜ ግን ስለ ሌላ ገንዘብ ልንገራችሁ። ስዊድን ውስጥ በየወሩ በ20ኛው ቀን የልጅ ድጎማ ባንክ ይገባል። ለአንድ ልጅ 1250 ክሮነር ነው። ደመወዝሽ ስንት ነው ያለኝ የለም፤ ባልሽ የት ሄደ ያለኝም የለም። የኩባንያ ሥራ አስኪያጁም፣ ሐኪሟም፣ አውቶቡስ ነጂውም ለልጃቸው ያንኑ ያገኛሉ። ስለዚህ የሚያፍርበት ሰው የለም። እኛም ቡና ተሰብስበን ስንጠጣ «ዛሬ እኮ 20 ነው!» እየተባባልን ጮክ ብለን እንስቃለን።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መርዳት ነው። ከማግዛቸው መካከል አንዲት የ90 ዓመት እናት አሉ። ድጎማው ለሁሉም ልጅ መከፈል የጀመረው በ1948 ነው፤ የዘመን አቆጣጠሬ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው። ያኔ ገንዘቡ የሚሰጠው ለእናቶች ነበር። እሳቸው ልጅ ነበሩ። «እናቴ በራሷ ስም ገንዘብ ስትቀበል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ አዲስ መሐረብ አስራ ነው የሄደችው» አሉኝ። ከዚያ በፊትስ እንዴት ትኖሩ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከዚያ በፊት የድሆች እርዳታ ነበር» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም ካልሲያቸውን አልብሼ ዝም አልኩ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ።

ሶሻል ሌላ ነገር ነው። የሚንኳኳው ሌላው በር ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከትዳሬ ስለያይ የቋንቋ ትምህርቴን አልጨረስኩም፤ ሥራም አልነበረኝም። ማመልከቻው በየወሩ ነው፤ በየወሩ! የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የመብራት ሂሳብ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ ሥራ የጠየቅሁባቸው ቦታዎች ዝርዝር። ባለፈው ወር ድሃ መሆኔ ለዚህኛው ወር ማስረጃ አይሆንም። የተቀመጠ ገንዘብ ያለው መጀመሪያ እሱን ይጨርሳል። ወደ ሂሳቤ የገባ ሳንቲም ሁሉ ገቢ እንዳይባልብኝ ማስረዳት አለብኝ፤ አንዲት ጓደኛዬ ያበደርኳትን 300 ክሮነር ብትመልስልኝ እንኳ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ይከተላል። እቁቤን ለምን እንደተውኩ ከዚህ ይገባችኋል።

እውነቱን ለመናገር ማንም አልሰደበኝም፤ ጉዳዬን የያዘችው ሴትዮ ትሑት ነበረች። ገንዘቡም የሰው ግብር ነው፤ መጠየቁን እረዳለሁ። ዛሬ እኔም ግብር ከፋይ ነኝ። ግን ለማያውቃችሁ ሰው የሦስት ወር ወጪያችሁን ዘርግታችሁ ታውቃላችሁ? ብርቱካን የገዛሁበት ቀን ሳይቀር እዚያ ነበር። ለልጄ የልደት ኬክ ስገዛ በካርድ አልከፈልኩም፤ ጥሬ ገንዘብ አወጣሁ። ለኬክ!

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ ቀን የተራ ቁጥሬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ አንድ ስዊድናዊ ሰውዬ ነበር። ስልሳ ይሆነዋል። ወረቀቶቹን በዕቃ መግዣ ፌስታል ነው የያዘው፤ እግሮቹ መካከል አድርጎ በጫማው ይጫነዋል። ቁጥሩ ሲጠራ አልተነሳም። ሁለተኛ ሲጠራ እኔን አየኝና «አንቺ ቅደሚ» አለኝ። ያን ቀን ስለ እሱ ሳስብ ዋልኩ። እኔ ቢያንስ መጤ ነኝ፣ ቋንቋው አልገባኝም፣ ዘመድ የለኝም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። እሱ ምን ይበል? አገሩ ነው፤ ቋንቋው ነው፤ ምናልባት አያቱም ያ የተቀመጥንበት አሮጌ ሕንጻ ሲሠራ ድንጋይ አቀብሎ ይሆናል። መጤነት የባዕድ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ድህነት ሰውን ገዛ አገሩ ላይ መጤ ሲያደርገው ያየሁት ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን የቋንቋ መምህራችን ስለ «የሕዝብ ቤት» አስተማረችን። በ1928 ፔር አልቢን ሃንሶን የተባለ ፖለቲከኛ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ፣ ፓርላማ ቆሞ አገርን በቤት መሰለ። በመልካም ቤት ቅምጥል ልጅ የለም፤ የእንጀራ ልጅም የለም አለ። እንደ ልማዴ ደብተሬ ላይ ወደ አማርኛ ገለበጥኩት፤ ከዚያ እጄ ቆመ። የእንጀራ ልጅ! ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አንድም ቀን አልሰማሁትም ነበር። የእንጀራ ልጅ እኮ ይበላል። ከቤቱ ጋር የሚያዛምደው ግን ያው እንጀራው ብቻ ስለሆነ ሲቆርስ ይታያል፤ የጎረሰው ይቆጠርበታል። እኔ በ20ኛው ቀን የቤቱ ልጅ ነኝ። ሶሻል በሚገባበት ቀን ደግሞ የእንጀራ ልጅ ነኝ። አገሩ አንድ፣ የባንክ ሂሳቤም አንድ።

በ2022 መንግሥት ለመመሥረት የተስማሙት አራት ፓርቲዎች በስምምነታቸው አዲስ መጤ ለድጎማዎች ደረጃ በደረጃ «ብቁ» መሆን አለበት የሚል ሐሳብ አስገብተዋል። ሥራን ለማበረታታት ነው ይላሉ። እኔ ሠርቼ የምኖር ሰው ነኝ፤ ሥራን አልጠላም። የማልወደው 20ኛውን ቀን መነካካታቸውን ነው። ያ ቀን የተከበረው ማንም ስላልተመረጠበት ነው።

እናቴ ደሴ ናት። ሶሻል ላይ ሆኜም በየወሩ 400 ክሮነር እልክላት ነበር። ከደመወዜ ይመስላት ነበር፤ አልነገርኳትም። ጉዳዬን የያዘችው ሴትዮ የባንክ መግለጫዬ ላይ አየችውና ምንድን ነው አለችኝ። ለእናቴ፣ ከፊሉም ለእድሯ ነው አልኳት።

«ኢንሹራንስ ነው?»

«አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ፤ ወንበርና ድስት ያመጣሉ፤ መጥተው አብረው ይቀመጣሉ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሦስት ቀን።»

«እንዲመጡ ይገደዳሉ?»

«ያልመጣ ይቀጣል» ስላት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ይህ ወጪ ሊቆም ይችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። መጠየቅ ሥራዋ ነው። እንዴት ብዬ ላስረዳት? እድር የምንከፍለው ደህና በሆንበት ቀን ነው፤ መከራ ሲመጣ ድሃ ነሽ ወይ የሚል የለም፤ ድንኳኑ ዝም ብሎ ይተከላል። እድርንም ግን አላሞጋግስም። መክፈል ያቃተው ስሙ ይፋቃል፤ የደሃ ደሃ የሆነው ከመጀመሪያውም አይገባበትም። እናቴ አንድ ክረምት ሊፍቋት ደርሰው ነበር፤ ለዚህ ነው ብራብም የምልከው። ይህን ሁሉ በዚያን ጊዜው ስዊድንኛዬ መናገር አልቻልኩም። «ማቆም አልችልም» ብቻ አልኩ።

እዚህ አገር ሰው የራሱን መዝገብ ጠይቆ ማየት ይችላል። ባለፈው መስከረም ጠየቅሁና በፖስታ ላኩልኝ፤ ወፍራም ነው። ያን ቀን ፈልጌ አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦ «አመልካቿ በአገሯ ላለ የቀብር ማኅበር እንደምትከፍል ትናገራለች። ማቆም እንደማትችል ትናገራለች።» ከጎኑ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእስክሪብቶ አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ድንኳን?»