ትራንስፈሩ ተፈቀደ፤ ክሬዲቱስ?

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመራችን በአሜሪካ ኮሌጆች በሚጫወቱና በሚሮጡ ልጆች ጉዳይ ተጨናንቆ ነበር። በተለይ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ደጋግመው ስለሚዘዋወሩት። የሚመልሰው እንግዳችን የኮሌጅ ስፖርተኞች የትምህርት አማካሪ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል። የሚወራው ስለ ዲቪዥን ዋን፣ ማለትም ስለ ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ ሕግ ነው፤ ዲቪዥን ቱና ዲቪዥን ስሪ የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። አንዴ ትምህርት ቤት ቀይሯል፣ አሁን ደግሞ ሊቀይር ነው። ድሮ አንድ ዓመት ያስቀምጧቸው ነበር። አሁን ቀርቷል እንዴ?

መልስ፦ ቀርቷል ጋሼ። ግን በቅድመ ሁኔታ ነው የቀረው።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገርዎት። ለብዙ ዘመን በቅርጫት ኳስና በአሜሪካን ፉትቦል ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዘዋወር ተፈቀደ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን ግን ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነበር፣ ብዙዎችም ተከለከሉ። በዲሴምበር 2023 ኦሃዮን ጨምሮ ሰባት ስቴቶች የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራውን ማኅበር፣ ኤንሲኤኤን ከሰሱ። ዌስት ቨርጂኒያ ያለ የፌደራል ዳኛ ክልከላውን አገደ። በኤፕሪል 2024 ኤንሲኤኤ ራሱ ሕጉን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ "ስንት ጊዜ ቀየርክ?" ብሎ የሚከለክል የለም።

የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ልጁ ከሚለቀው ትምህርት ቤት ሲወጣ በትምህርቱ ብቁ መሆን አለበት፤ በዲሲፕሊን ታግዶ ወይም ተባሮ ከሆነም አይሆንም። ሁለተኛ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ሄዶ ወደ ዲግሪው በበቂ ሁኔታ መጓዙ ይመዘናል። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያወራው ስለ ፖርታል (መዘዋወር የሚፈልጉ ስፖርተኞች ስማቸውን የሚያስገቡበት መዝገብ) እና ስለ ገንዘብ ነው። ልጆቹን የሚጥላቸው ግን ይሄ ሁለተኛው ነው።

እናት፣ ከሲያትል፦ የኔ ልጅ ሁለት ዓመት ተምሮ 60 ክሬዲት አለው። ጂፒኤው 3.1 ነው። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ "ክሬዲትህን ተቀብለናል" አለው። ከዚያ ዞር ብለው መጫወት አትችልም አሉት። ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሂሳቡ ነው የጣለው።

ሕጉ እንዲህ ይላል። ስፖርተኛው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር ከዲግሪው 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶ፣ አምስተኛውን ሲጀምር 80 በመቶ መጨረስ አለበት። የብዙ ዲግሪ መጠን 120 ክሬዲት ነው። ስለዚህ 48፣ 72 እና 96 ማለት ነው። ከ2003 በፊት ለገቡት 25፣ 50 እና 75 በመቶ ነበር፤ ልጆቹ መመረቅ አቃታቸው ተብሎ ነው ከፍ ያለው።

አሁን ወደ ልጅሽ እንምጣ። 60 አለው፣ የሚፈለገው 48 ነው። ትርፍ ይመስላል አይደል? ግን ክሬዲት መቀበልና ለዲግሪ መቁጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ከ60ው 54ቱን ተቀበለ እንበል። ልጁ ቢዝነስ ሲማር ቆይቶ አዲሱ ቦታ ኮምፒውተር ሳይንስ መረጠ። የማርኬቲንጉም የአካውንቲንጉም ኮርስ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይሰፍራል። የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ግን አይፈልጋቸውም። የተወሰኑት እንደ ምርጫ ኮርስ ይገባሉ፣ ያ ቦታ ሲሞላ የተረፈው ከንቱ ይቀራል። በመጨረሻ 41 ተቆጠረለት እንበል። ያ 34 በመቶ ነው። 40 አልሞላም፣ አለቀ። ጂፒኤው 4.0 ቢሆንም አያድነውም።

ይሄ ችግር በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ ይደገማል። አንዱ ቦታ 6 ክሬዲት ይወድቃል፣ ሌላው ቦታ 13። የሚጠየቀው በመቶኛ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ዓመቱ የሚቆጠረው በመጀመሪያው ኮሌጅ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከአዲሱ አይደለም። ሜጀር፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፍ፣ መምረጥም ግዴታ ነው፣ ሦስተኛው ዓመት ከመጀመሩ በፊት። ከዚህ ሁሉ በላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ ለመስጠት የተወሰነውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ ወደ 30 የሚጠጋ ክሬዲት፣ እዚህ ካልተማርክ ይላሉ። ሦስት ትምህርት ቤት የዞረ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ የሁለት ዓመት ተኩል ተማሪ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ።

ምን ታደርጊያለሽ? ልጅሽ 7 ክሬዲት ከጎደለው በሰመር ሁለት ሦስት ኮርስ ወስዶ ሊሞላው ይችላል። ግን ኮርሱ ለዚያው ዲግሪ የሚቆጠር መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ። አለበለዚያ ሰመሩም ገንዘቡም ይባክናል። ወይም ብዙ ክሬዲት የሚቆጠርለትን ሜጀር ይምረጥ። ለቀጣዩ ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር ያዢ። ፊርማ ከመፈረሙ በፊት ዲግሪ ኦዲት የሚባለውን ወረቀት በጽሑፍ ጠይቁ። ኮርስ በኮርስ የትኛው ለምን እንደተቆጠረ ያሳያል። "አትጨነቁ፣ ይስተካከላል" የሚል ቴክስት ወረቀት አይደለም።

ወጣት፣ ከዳላስ፦ ፉትቦል ነው የምጫወተው። ፖርታል ልገባ ነው። ከዚህ ስለምወጣ ክፍል መሄድ ሰልችቶኛል። የዚህ ሴሚስተር ውጤት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል ወንድሜ፣ በጣም። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

በየሴሚስተሩ ቢያንስ 6 ክሬዲት ማለፍ አለብህ። በፉትቦል በፎል (በትምህርት ዓመቱ የመጀመሪያ) ሴሚስተር 9 ያላለፈ በሚቀጥለው ሲዝን የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች ሊያጣ ይችላል። በፎልና በስፕሪንግ (በሁለተኛው ሴሚስተር) ድምር 18 ያስፈልጋል፤ እዚህ ውስጥ ሰመር አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ 24። ጂፒኤም አለ። ለመመረቅ 2.0 የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ከሆነ ሁለተኛ ዓመት ስትጀምር 1.8፣ ሦስተኛ 1.9፣ ከአራተኛ ጀምሮ 2.0።

ደግሞ እንዳልኩት፣ ብቁ ሆነህ ነው መውጣት ያለብህ። ኤፍ ተሸክመህ ፖርታል ብትገባ አዲሱ ኮች መጀመሪያ የሚያየው ቪዲዮህን ነው። ሁለተኛ የሚያስከፍተው ትራንስክሪፕትህን ነው። ተነስና ክፍል ግባ።

ወንድም፣ ከአዲስ አበባ፦ ታናሼ በሩጫ ስኮላርሺፕ አሜሪካ ነው። አንዴ ትምህርት ቤት ቀይሯል፣ አሁንም ሌላ ኮች ጠርቶታል። ቪዛው ላይ ችግር ያመጣበታል?

መልስ፦ በራሱ ዝውውሩ ችግር የለውም። ግን እሱ በሁለት ሕግ ስር ነው ያለው፤ የኤንሲኤኤና የኢሚግሬሽን። አንዱን ሲያሟላ ሌላውን እንዳይጥል።

ኤፍ ዋን ቪዛ ላይ ያለ ተማሪ ሲዘዋወር የድሮው ትምህርት ቤት ሴቪስ የሚባለውን የኢሚግሬሽን ፋይሉን ለአዲሱ መልቀቅ አለበት፣ አዲሱም አይ-20 የሚባለውን የተማሪነት ሰነድ እንደ አዲስ ያወጣለታል። በመካከል ከአምስት ወር በላይ ትምህርት አቋርጦ መቀመጥ አይችልም፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ከዚያ ቀደም ብሎ የሚጀምር ከሆነም ያኔውኑ መግባት አለበት። ኮች ስለ ሩጫው እንጂ ስለዚህ ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የውጭ አገር ተማሪዎችን ቢሮ ያነጋግር።

ሌላው ኦንላይን ትምህርት ነው። ክሬዲት የጎደለው አሜሪካዊ ልጅ ሦስት አራት ኦንላይን ኮርስ ደርቦ ያሟላል። ታናሽህ ግን በአንድ ሴሚስተር ሙሉ ሰዓት ለመባል የሚቆጠርለት አንድ ኦንላይን ኮርስ ብቻ ነው። የጎደለ ክሬዲት ለእሱ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ገንዘብም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ለስፖርተኞች በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። የተማሪ ቪዛ ያለው ልጅ ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር አንድም ውል አይፈርም። እዚህ ላይ አልቀልድም።

አባት፣ ከአትላንታ፦ ኮቹ ለልጄ "ጀነራል ስተዲስ ግባ፣ ክሬዲትህ በሙሉ ይቆጠራል" አላት። እሷ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ ኮቹ አልዋሸም። እንዲህ ዓይነት ሰፊ ሜጀር ከየቦታው የተለቀመ ክሬዲት ይይዛል፣ ልጅቱም በጊዜ ትጫወታለች። ኮቹ የራሱም ጥቅም አለው። ኤንሲኤኤ ቡድኖችን ኤፒአር በሚባል ነጥብ ይመዝናል፤ ስፖርተኛው ብቁ ሆኖ ሲቀጥልና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲቆይ ነጥብ ይገኛል። ከ1000 ውስጥ ከ930 በታች የወረደ ቡድን ቅጣት አለበት።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ ግን፣ ነርሲንግ ቅደም ተከተሉ ጥብቅ የሆነ ትምህርት ነው። አናቶሚና ኬሚስትሪ ያልወሰደች ልጅ በኋላ ልመለስበት ብትል ሁለት ሦስት ዓመት ያስከፍላታል። ያኔ ስኮላርሺፕ የለም። ኮቹም ሌላ ስቴት ሄዶ ይሆናል፤ እነሱም ይዘዋወራሉ እኮ! በእውነት ነርስ መሆን ከፈለገች ነርሲንግ ያለበትና ቦታ የሚሰጣት ትምህርት ቤት ትፈልግ፣ አንድ ሲዝን ዝቅ ያለ ቡድን ውስጥ ብትጫወትም።

እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ ልጄ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ነው። ከዚያ ወደ ዲቪዥን ዋን መግባት ይቀላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ጂፒኤው ከፍ ያለ ነው የሚጠየቀው፤ 2.5። ከሃይስኩል ሲወጣ የዲቪዥን ዋንን መስፈርት ያላሟላ ከነበረ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን መመረቅ፣ ቢያንስ ሦስት ሴሚስተር ሙሉ ሰዓት መማርና የሚተላለፍ 48 ክሬዲት መያዝ አለበት። ከዚያ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ የግድ ናቸው። ጂም ክላስ ብቻ ሰብስቦ አይሆንም።

እዚያ የተጫወተበት ዓመት ከተፈቀደለት የመጫወቻ ዓመት ላይ ይቆጠራል ወይ የሚለው ጉዳይ ፍርድ ቤት ገብቷል። በዲሴምበር 2024 የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ተጫዋች ዲዬጎ ፓቪያ በዚህ ጉዳይ ጊዜያዊ ውሳኔ አግኝቶ አንድ ዓመት ተጨምሮለታል። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ከሰዋል፣ ዳኞቹም አልተስማሙም። በዚህ ተማምናችሁ ዕቅድ አታውጡ።

አባት፣ ከሚኒያፖሊስ፦ ፖርታል ከገባ በኋላ የሚወስደው ባይገኝ የድሮው ስኮላርሺፕ ይጠብቀዋል?

መልስ፦ አይጠብቀውም። እንደሚለቅ ካሳወቀ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስኮላርሺፑን ማቆም ይችላል፣ ቦታውንም ለሌላ ልጅ መስጠት። መልሰው የሚቀበሉ አሉ፣ ግን በእነሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ የኮምፕላያንስ ቢሮውን (የስፖርት ደንቡ መከበሩን የሚከታተለውን)፣ የትምህርት አማካሪውንና ዲግሪ ኦዲቱን የሚያየው ስሙን ፖርታል ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ነው። በኋላ ከሆነ ወረቀቱ የሚነግረው ያመለጠውን ብቻ ነው።