ካርታቸው ምን ያህል ያውቀን ነበር?

እንደምን አረፈዳችሁ። ጋቢዬን ሳላወልቅ ነው የምናገረው፣ ይቅርታ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ለምታውቁት ምክንያት አላበዛም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በቅየሳ ነው። ትሪፖድ ተሸክሜ ከጅሩ ሜዳ እስከ ይፋት ቆላ ወርጃለሁ፣ ወጥቻለሁ። አዘጋጆቹ «አድዋ ደርሷል፣ ለቅየሳ ተማሪዎች አንድ ነገር ይበሉልን» ሲሉኝ ስለ ጦሩ አላወራም አልኳቸው። ስለ ጦሩ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ የማወራው ስለ ካርታ ነው። ጣልያን ሊይዘን ሲመጣ መሬታችንን ምን ያህል ያውቀው ነበር?

አብዛኛው ሰው መልሱን በቀልድ ነው የሚያውቀው። ጣልያን የተሳሳተ ካርታ ይዞ መጣ፣ አድዋ ላይ መንገድ ጠፋው፣ አለቀ። ደስ ይላል። ግን ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ለቀያሽ ከውሸት ይብሳል፤ ጭራሽ የተሳሳተ ነጥብ ወዲያው ያስታውቃል፣ ሥራህን ሁሉ ቀስ ብሎ ይዞብህ የሚሄደው በትንሹ የተዛባው ነው።

ከቅርባችን ልጀምር፣ ከአንኮበር። የድሮዎቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ ከአድዋ ወዲህ ያለውን በኛው።

በ1876 የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር የላካቸው ሰዎች ሸዋ ገቡ። መሪያቸው ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚባል የ65 ዓመት ሽማግሌ ነው፣ የወፍ ተመራማሪ። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጧቸው። ሽማግሌው ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ ባርቆበት ቀኝ እጁ ከጥቅም ውጭ ሆነ። አገሩም አልተመለሰም፣ በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከሱ በፊትም በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር መጥቶ ውል ተዋውሏል፣ ሠዓሊ ሳይቀር ይዞ ነበር የመጣው። አንኮበር ፈረንጅ ብርቋ አልነበረም።

እነ አንቲኖሪ ወፍና ቅጠል ብቻ አልነበረም የሚለቅሙት። ጆቫኒ ኪያሪኒ መሐንዲስ ነው። አንቶኒዮ ቼኪ ደግሞ የባሕር ካፒቴን ነው። የባሕር ካፒቴን ተራራ ላይ ምን ይሠራል? የባሕር ሰው ፀሐይና ኮከብ አይቶ ያለበትን ቦታ ማስላት ይችላል። መሬት ላይ አንድም የታወቀ ነጥብ በሌለበት አገር፣ ከሰማይ ነጥብ የሚያወርድ ሰው ወርቅ ነው። ሁለቱ ከሸዋ ተነስተው ወደ ደቡብ ምዕራብ ጌራ ድረስ ዘለቁ። የጌራዋ ንግሥት ያዘቻቸው። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፤ ቼኪ በማግሥቱ ዓመት በጎጃሙ ራስ አዳል አማላጅነት ተፈታ፣ ያየውንም ሁሉ ጽፎ አሳተመ።

እንግዲህ ከአድዋ 20 ዓመት በፊት አንኮበር ደጃፍ ላይ ጎጆ ቀልሶ የተቀመጠን ሰው «አያውቀንም ነበር» ማለት ይከብዳል።

ግን ምን ዓይነት ዕውቀት ነበር? ይሄ ነው ቁም ነገሩ። መንገደኛ የሚሠራው የመንገድ ካርታ ነው። ኮምፓስ ያያል፣ የበቅሎ ሰዓት ይቆጥራል፣ ግራና ቀኝ የሚታየውን ይጽፋል። አሁን እናንተ የዚህ አገር ልጆች ናችሁ፤ ጅሩ ሜዳ ላይ በበቅሎ ሁለት ሰዓትና ጣርማ በር አቀበት ላይ በበቅሎ ሁለት ሰዓት አንድ ነው? አንደኛው ሜዳውን አስረዝሞ ይጨርሳል፣ ሌላው እዚያው ገደሉ አፍ ላይ ያስቀምጥሃል። ከመንገዱ ትንሽ ከወጣህ ደግሞ ወረቀቱ ነጭ ነው። ነጭ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ካርታ ሠሪ ነጭ ቦታ አይወድም፤ ከሩቅ ባየው ጫፍ፣ በሰማው ስም ይሞላዋል።

አድዋ ላይ የሆነው ይሄ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888፣ የጣልያኑ ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ወደ 17 ሺህ ተኩል የሚጠጋ ጦሩን በሌሊት ሲያንቀሳቅስ ለጄኔራሎቹ በእጅ የተነሳ ንድፍ ሰጥቷቸው ነበር። ከነሱ አንዱ አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ያዝ ተባለ። ንድፉ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ቦታ ደረሰ። መሪዎቹ ግን አገሬው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ሌላ ነው፣ ወደፊት ነው አሉት። ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ወደፊት። ሄደ። ብቻውን ምኒልክ ጦር አፍ ውስጥ ገባ። ሌላው ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሊደግፈው ሲላክ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወረደና ከሌላው ተቆረጠ። የካርታው ጥፋት ነው ወይስ የአልቤርቶኔ ችኮላ የሚለውን የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱም ነው፤ ካርታው ቢያደናግርም ጎረቤቱን ሳይጠብቅ ያን ያህል የሄደው እሱ ነው።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጣልያኖች ከዚያ ቀን በፊት አድዋን ረግጠዋታል! በ1890 በፈረንጅ ጦራቸው ገብቶ ወጥቷል፣ ኋላም ባራቲየሪ ራሱ ገብቷል። ቦታውን አይተዋል፣ ኮረብታውን ነድፈዋል፣ ስሙን ግን ከሚኖርበት ሰው በትክክል አልተቀበሉም። እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስንት ኪዳነ ምሕረት፣ ስንት ማርያም አለ? አንዱን ሽማግሌ «ማርያም የት ናት?» ብትሉት «ማዶ ናት» ይላችኋል። የትኛዋ ማርያም፣ ከየትኛው ማዶ? ቤተ ክርስቲያኗ ስሟን ለኮረብታው፣ ለመንደሩ፣ ለወንዙ መሻገሪያ ሁሉ ታውሳለች። ይሄን መሣሪያ አይነግርህም። በዚያ ላይ ሰላያችን ነው ብለው የሚያምኑት ባሻ አውዓሎም ለኛ ወገን ይሠራ ነበር። ጆሮህ የተበላሸ ከሆነ ዓይንህ ቢጠራ ምን ዋጋ አለው?

እዚህ ላይ አጨብጭበን ብንለያይ ደስ ይለኝ ነበር። ግን 40 ዓመት ይቀራል።

በ40 ዓመቱ ውስጥ እኛ ቀልዱን ስናወራ እነሱ ካርታቸውን አረሙ። ፍሎረንስ ላይ ከ1872 በፈረንጅ ጀምሮ የሚሠራ የጦር ጂኦግራፊ ተቋም ነበራቸው። አውሮፕላን ሲመጣ ፎቶ ማንሻ አሰሩበት። እዚህ አገር ያነሱትን ፎቶ እንዴት እንዳደራጁት ልንገራችሁ፣ ቀያሽ ነኝና እቀናለሁ። ካሜራው በአንድ ጊዜ አራት ፎቶ ያነሳል፤ አንዱ ቁልቁል፣ ሦስቱ ወደ ጎን ያጋደሉ። አራቱን በአንድ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ። ከ8 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ተገኝተዋል። አሁን ተመራማሪዎች ያኔ የት ደን ነበር፣ የት እርሻ ነበር ብለው ከነሱ ላይ ያያሉ። ሊወጋን የመጣ ሰው ያነሳው ፎቶ የገዛ መሬታችንን የትናንት መልክ ሲነግረን፣ ነገሩ ያስቃልም ያናድዳልም።

እኛስ? ቀላድ ነበረን፣ የመሬት መለኪያ ገመድ። ቀላድ ጥሎ ይሄ ስንት ጋሻ ነው ማለት እንችል ነበር፣ ለግብር ይበቃል። ግን ቀላድ ስፋት እንጂ ቦታ አይነግርም። መሬቱ 10 ጋሻ ነው ይልሃል፤ ከጎረቤቱ በየት በኩል፣ ከባሕር ስንት ከፍ ብሎ፣ ምን ገደል ተሻግሮ አይልህም። ይሄን የምለው አባቶቼን ለመንቀፍ አይደለም፣ የኛ ልክ ለምን እንደተሠራ እንድታዩት ነው።

በ1928 ሚያዝያ የጣልያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ መኪኖች ከደሴ ተነስተው በዚሁ በኛ አገር አለፉ። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቃቸው፣ ቆሙ፣ ጠግነው አለፉ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ ምን አደረጉ? እዚያው ያስቸገራቸው ተራራ ሆድ ውስጥ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ቆፈሩ። ስንቶቻችሁ ናችሁ በአውቶብስ ስታልፉበት ስልካችሁን የምታዩት? እንዲህ ያለ ዋሻ ሲቆፈር አንዱ አፍ ከሌላው አንጻር የት እንደሚወጣ፣ በምን ከፍታ እንደሚወጣ ቀድሞ መታወቅ አለበት። አድዋ ላይ ኮረብታ የተምታታበት አገር ያን ሠርቷል።

ሆኖም አምስት ዓመት ሙሉ ራስ አበበ አረጋይንና አርበኞቹን ከመንዝና ከይፋት ገደል ማውጣት አቃተው። ፎቶው ገደሉን ያሳያል፣ በየትኛው ስንጥቅ በሌሊት እንደሚወረድ አያሳይም። ይሄንንም ቢሆን እየሳቅሁ አልነግራችሁም። ሚያዝያ 1931 ዘረት ላይ፣ አመፀኛ ዋሻ፣ ሰዉ ከነልጁ የተሸሸገበትን ቦታ ባወቁ ጊዜ መርዝ ጋዝ ነው የለቀቁበት። በዚያ አካባቢ ስቀይስ ቤተሰቦቻቸው ያለቁባቸውን ሰዎች ልጆች አግኝቻለሁ። ቦታ መታወቅ ምን ማለት እንደሆነ ከነሱ በላይ የሚያስረዳ አላየሁም።

ታዲያ ባላንጣ አገርን በቅየሳ እንዴት ትመዝናላችሁ? መጀመሪያ ያሳተመው ካርታ ውበት አያታልላችሁ። ኮንትሮል ፖይንቱን፣ ቦታው በትክክል ተለክቶ የታወቀውን ነጥብ ማለቴ ነው፣ ጠይቁ፤ መሬት ላይ ስንት ነጥብ ተክሏል፣ እርስ በርስ ተያይዘዋል ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ነው? ካርታው መቼ ተሠራ? ስሙን ማን ነገረው፣ የነገረውስ ሰው በዚያ ሰፈር ተወልዷል ወይስ የገበያ መንገደኛ ነው? ካርታውስ ጄኔራሉ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው ያለው ወይስ አሥር አለቃው ኪስ ድረስ ወርዷል፣ አሥር አለቃውስ ያነበዋል? ከሁሉ በላይ ግን ትናንት የሠራውን ስህተት ለመዝናኛ አትያዙት፣ እሱ ራሱ ከናንተ በላይ አጥንቶታልና።

የዛሬው ጊዜ ደግሞ የባሰ ነው፣ ወይም የተሻለ፣ እንደ አያያዛችሁ። በ2000 በፈረንጅ አንድ የአሜሪካ መንኮራኩር በ11 ቀን የአብዛኛውን ዓለም ከፍታ በራዳር ለክቶ ተመለሰ። በየ30 ሜትሩ የጣርማ በር ከፍታ ዛሬ ለማንም በነፃ ይወርዳል። እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን ከቻይና ምድር አምጥቀናል። ከፍታችን ምስጢር መሆኑ ቀርቷል። ከሰማይ የማይታየው አሁንም ስሙና ወሰኑ ነው፤ ማን የቱን ያርሳል፣ በየት ያልፋል፣ ምን ብሎ ይጠራዋል።

በዚህ ደግሞ እኔም ጣልያን ሆኜ አውቃለሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ሸንተረር ላይ ቆሜ እረኛ ጠየቅሁ፣ «አፋፍ» አለኝ፣ ጻፍኩ። ልጁ ከቆላ ነው የመጣው። ደጋ ላይ ያሉት ያንኑ ቦታ «ገደል» ነው የሚሉት፣ ከላይ ነዋ የሚያዩት። እኔ ከታች የመጣ ልጅ ያለኝን ጽፌ አስረከብኩ፣ አለቃዬም ሳይጠይቅ ፈረመ። ደጋዎቹ ወረቀቱን ሲያዩ «ይሄ ደግሞ የት አገር ነው?» አሉኝ።

ስለዚህ ነገ ሌት ማረፊያ እንወርዳለን። አንድ ለ50 ሺህ የሆነውን ካርታ አዘጋጅቻለሁ፣ ለሦስት አንድ ይደርሳችኋል። እያንዳንዱን ስም ቢያንስ ሁለት ሰው ትጠይቃላችሁ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች የሚኖር። እናቶችንም ጠይቁ፣ የውኃ መቅጃውን ስም እነሱ ናቸው የሚያውቁት። መኪናው ከዚህ ግቢ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። ጋቢ ያዙ።