አሉታው የት ላይ ወደቀ?

[ምስል፦ ሌሊት። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል የተተከለ የለቅሶ ድንኳን። አንድ አምፖል፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጋቢ የደረቡ ሰዎች።]

ተራኪ፦ ቱሉ ዲምቱ ነን፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሳበት፣ ከተማው አልቆ እርሻው የሚጀምርበት የአዲስ አበባ ዳርቻ። ጎረቤት ሞቶብን ድንኳን ከተተከለ ሁለተኛው ሌሊት ነው። ጸሎት ሲደርስ ሁሉም አማተበ፤ አንድ ወጣት ብቻ እጁን ሳያነሳ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሰው ሲቀመጥ አጠገቡ ያሉት አዛውንት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ኢ-አማኒ ነህ እንዴ?»

«አይደለሁም ጋሼ። አግኖስቲክ ነኝ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፈጣሪ ይኑር አይኑር አላውቅም ማለት ነው።»

«ታዲያ ያው አይደለም?»

«ያው አይደለም ጋሼ።»

ያው ነው፣ ያው አይደለም ሲባል ነጋ። በዚያ ሌሊት ስለ ፈጣሪ መኖር የተከራከረ ሰው አልነበረም፤ ያከራከረን ቃል ነው። በቃል መከራከር ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በጎረቤታችን ላይ የምንለጥፈው ስም ነገ ጎረቤታችን ለቅሶ እንዲደርስ ወይም እንዲቀር ያደርገዋል።

[ምስል፦ አራተኛ ፎቅ፣ በር ላይ የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች።]

ተራኪ፦ ነገሩን ከውሃ እንጀምረው። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጎረቤቴን «ዛሬ ውሃ ይመጣል?» ብዬ ብጠይቃት «አይመጣም» ልትለኝ ትችላለች። «ይመጣል ብዬ አላምንም» ልትለኝም ትችላለች። ወይም በአንድ ቃል «እንጃ» ትላለች። ሦስቱም አሉታ፣ ማለትም ነገርን የሚያፈርስ አነጋገር፣ አላቸው፤ አሉታው የወደቀበት ቦታ ግን ይለያያል። በመጀመሪያው የተካደው የውሃው መምጣት ነው። በሁለተኛው ስለ ውሃው ምንም አልተባለም፤ የጠፋው የእርሷ እምነት ነው። በሦስተኛው የታጣው ዕውቀት ነው።

ጆሯችን ግን ይህን ልዩነት አይጠብቅም። «ይመጣል ብዬ አላምንም» ያለችን ሴት ውሃው ከች ሲል «አይመጣም ብለሽን አልነበረም?» እንላታለን። እንዲያ አላለችም። አማርኛችን «አላምንም»ን ሲሰማ ወደ «የለም» መጎተት ይወዳል፤ የድንኳኑም ክርክር የተነሳው ከዚህ ነው። «አምላክ አለ ብዬ አላምንም» እና «አምላክ እንደሌለ አምናለሁ» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው አንድ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ዓለም።

[ምስል፦ በጥቁር ሰሌዳ ላይ፦ ቴዎድሮስ፣ ቴዎፍሎስ። «ቴዎ» ተሰምሮበታል።]

ተራኪ፦ ኢ-አማኒነትን የሚጠራው ኤቲዝም የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው። «ቴዎስ» አምላክ ነው፤ ቴዎድሮስና ቴዎፍሎስ በሚሉት ስሞቻችን ውስጥ እናገኘዋለን። ከፊቱ የገባችው «አ» ታፈርሰዋለች፤ የግዕዟ «ኢ» በኢ-አማኒ ላይ እንደምታደርገው። ቃሉ በጥንት ዘመን ራስን መጥሪያ አልነበረም፤ መክሰሻ ነበር። ሶቅራጥስ እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ለሞት የበቃው ከተማዋ የምታመልካቸውን አማልክት አይቀበልም ተብሎ ነው። ከዚያ ደግሞ ተራው የክርስቲያኖች ሆነ። ሮማውያን ክርስቲያኖችን «አምላክ የለሾች» ይሏቸው ነበር፤ ጣዖት የለ፣ መሥዋዕት የለ፣ ምን ዓይነት አማኞች ናቸው? በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ስታዲየም ውስጥ ቀርበው «አምላክ የለሾቹ ይወገዱ በል» ተባሉ። እርሳቸውም የተሰበሰበውን ሕዝብ ተመልክተው፣ እጃቸውን ወደ እርሱ ዘርግተው «አምላክ የለሾቹ ይወገዱ» አሉ። አንዱን ቃል ሁለቱም ወገኖች ተወራወሩት። «ያንተ አምላክ የእኔ አይደለም» ማለት «አንተ አምላክ የለህም» ተብሎ ሲነገር የኖረው በሮም ብቻ አይመስለኝም። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ በዚህ አካባቢ ፈጣሪውን ዋቃ ብሎ ሲለምን የኖረ ገበሬ ስንት ጊዜ አረመኔ እንደተባለ አዛውንቶቻችን ያስታውሳሉ።

አግኖስቲክ የሚለው ቃል ግን ወጣት ነው፤ አባቱም ይታወቃል። የዳርዊን ጠበቃ የነበረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ ነው እ.ኤ.አ. በ1869 ያወጣው። «ግኖሲስ» ዕውቀት ነው። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ፣ አማኙም ከሃዲውም፣ የመኖርን ምስጢር ፈትተነዋል የሚሉ ሆነው አገኛቸው፤ እርሱ ደግሞ አለመፍታቱን እርግጠኛ ነበር። ቃሉ ሲነገር በቦታው ነበርኩ ያለ አንድ ሰው ሃክስሊ ቃሉን የወሰደው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17፣ ጳውሎስ አቴና ላይ «ለማይታወቅ አምላክ» የሚል ጽሕፈት ካየበት መሠዊያ ነው ብሏል። ራሱ ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1889 ሲጽፍ ግን አግኖስቲክነት የእምነት ዓይነት እንዳልሆነና ሥርዓት እንደሆነ አስረዳ፦ ያልተረጋገጠውን የተረጋገጠ አስመስለህ አትናገር። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎች አግኖስቲክን ወላዋይ ያደርጉታል፤ ሃክስሊ ግን አልወላወለም፤ በማያውቀው ነገር አልምልም ነው ያለው።

[ምስል፦ የሕፃን እጅ። አንገት ላይ የታሰረ ማተብ።]

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1972 ፈላስፋው አንቶኒ ፍሉ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ኤቲስት ማለት «አምላክ የለም» የሚል ሰው ብቻ ሳይሆን አምላክ አለ የሚል እምነት የሌለው ሁሉ ይሁን አለ። ዛሬ በየክርክሩ የሚሰማው ይህ ሰፊ ትርጉም ነው። በዚህ ልኬት የእኛም ወጣት ኤቲስት ይሆናል፤ አዛውንቱም ልክ ናቸው ማለት ነው።

እኔ አልቀበለውም። ምክንያቴም አማርኛ ነው። የእኛ «ኢ» ባዶነትን ብቻ አታመለክትም፤ ተቃራኒነትን ትሸከማለች። ድንጋይ ፍትሕ ስለሌለው ኢ-ፍትሐዊ አይባልም፤ የሚባለው ዳኛ ነው። እንዲሁም ስለ አምላክ ሰምቶ የማያውቅ ሕፃን ኢ-አማኒ ነው ቢባል ማን ይቀበላል? በ40 ቀኑ ክርስትና የተነሳን ሕፃን አማኝ ማለትም የራሱ ጥያቄ አለው፤ ያን ግን ለነገረ መለኮት ሰዎች ልተወው። ለመመዘን የቻለና መዝኖ «የለም» ያለ ሰው ኢ-አማኒ ይባል። መዝኖ ሚዛኑ ያልደፋለት ሰው የራሱ ስም ይኑረው፤ «አላውቅም ባይ» ብንለው ግልጽ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ረስል እ.ኤ.አ. በ1947 እንደተናገረው፣ ፈላስፎች ቢጠይቁት አግኖስቲክ ነኝ ይላል፤ አምላክ አለመኖሩን ማስረገጫ የለውምና። የመንገድ ሰው ቢጠይቀው ግን ኤቲስት ነኝ ይላል፤ ስለ ጥንታዊው ግሪካዊ ባለቅኔ ስለ ሆሜር አማልክትም ማስረገጫ የለውም፤ ይኖራሉ ብሎ የሚጠረጥር ግን የለም። ማን እንደጠየቀው ማየቱ ትክክል ነበር። በእኛም ድንኳን ጠያቂው ማን ነበር?

[ምስል፦ ድምፅ የለም። የአዛውንቱ እጆች፣ መቁጠሪያ።]

ተራኪ፦ አዛውንቱ ያደጉት ደርግ ኅብረተሰብአዊነትን ባወጀበት ዘመን ነው። በቀበሌ ስብሰባ ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው ሲባል ሰምተዋል። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሱ፤ በ1971 ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። «አምላክ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአዛውንቱ የፍልስፍና አቋም አይደለም፤ መሣሪያ ይዞ ቤት ያንኳኳ ሰው ንግግር ነው። ወጣቱ «አላውቅም» ሲል እርሳቸው የሰሙት ያንን ኮቴ ነው። ትርጉም መዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ እንደማይኖር በዚያ ሌሊት ገባኝ።

ስለዚህም ነው «ሃይማኖት የለሽ» የሚለውን ስም ለሁሉም መለጠፍ የማልወደው። የፍልስፍና ድርሰቱን ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብን ያነበበ ያውቃል፦ የሐተታው ተናጋሪ ጾሙንም ምንኩስናውንም፣ የሁሉንም ሃይማኖት ሕግጋት በልቡናው ይመረምራል፤ ፈጣሪው ግን ከአፉ አይለይም። የጽሑፉ ደራሲ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለእኛ ነጥብ ግን ልዩነት የለውም። ከሃይማኖት ሥርዓት መውጣትና ፈጣሪን መካድ ሁለት ነገር ነው። «ከሃዲ»ማ ጨርሶ ሌላ ነው፤ ቃል ኪዳን አፍርሷል የሚል ክስ ነው፤ ቃል ያልገባ ሰው ምን ያፈርሳል?

[ምስል፦ ጎሕ ሲቀድ። ቧንቧ ሥር የተቀመጠ ጀሪካን።]

ተራኪ፦ ወደ ንጋቱ ላይ አዛውንቱ በውሃው ምሳሌ መልሰው ያዙት። «ይምጣ አይምጣ አላውቅም ያለ ሰው ሌሊት ተነስቶ ቧንቧ ይከፍታል ወይስ ይተኛል? ሁለቱንም ማድረግ አይችልም» አሉ። ይህ ቀላል መቃወሚያ አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ያነሳው ይህንኑ ነው፦ አንዳንድ ምርጫ ቀጠሮ አይሰጥም፤ አለመምረጥም መምረጥ ነው።

ወጣቱ «ጀሪካኑን አስቀምጣለሁ ጋሼ፤ ይመጣል ብዬ ግን አልምልም» አለ።

አዛውንቱ ለጥቂት ጊዜ መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። ከዚያም ያን ሌሊት ማናችንም ያላነሳነውን ጥያቄ አነሱ። «የማታውቀው አንተ ገና ስላላወቅህ ነው ወይስ ማንም ሊያውቅ ስለማይችል?»

ወጣቱ ቀና ብሎ አያቸው። «እሱን ለይቼ አስቤው አላውቅም፣ ጋሼ» አለ።

አዛውንቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው በአግዳሚው ላይ ጠጋ አሉለት። «ተቀመጥ እስቲ» አሉ፤ «ቡናው እስኪደርስ አስበው።»