ደመወዝ በስምምነት፣ ዋስ በልመና

ሰላም፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። «እስቲ ስለራስህ ንገረን» ሲሉህ ምን ትላለህ? ቢኒ፣ ጀምር።

ቢኒ፦ እሱ ቀላል ነው። ጉዱ ካለፍሽ በኋላ ነው። «አልፈሃል» ብለው ይደውላሉ፣ እናትሽ እልል ትላለች። ከዚያ የሰው ኃይሏ ልጅ ቀዝቀዝ ብላ «ዋስ ይዘህ ና» ትላለች።

ሰላም፦ ኧረ ገና ቃለ መጠይቁን አልጀመርንም!

ቢኒ፦ ቆይ ስሚኝ። ዋስ ደግሞ ማንም አይሆንም። ቋሚ ሠራተኛ፣ ደመወዙ ተጠቅሶ ማኅተም ያለው ደብዳቤ የሚያጽፍ። በእኛ ዘመድ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አጎቴ ብቻ ናቸው። የዘመድ ልጅ ሥራ አገኘ በተባለ ቁጥር ስልካቸው ይዘጋል።

ሰላም፦ (ሳቅ) እውነታቸውን ነው!

ቢኒ፦ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። አቦሉ ላይ ጤና ተጠያየቅን። ቶናው ላይ ኑሮ ውድነት። በረካ ላይ «ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ገንዘብ ያዥ» አልኳቸው። ስኒውን ቁጭ አደረጉት።

ሰላም፦ ውይ! ምን አቻኮለህ?

ቢኒ፦ ምን ልበላቸው? «አንተን አምንሃለሁ ልጄ፣ ብሩን ነው የማላምነው» አሉኝ።

ሰላም፦ ፈረሙ?

ቢኒ፦ ፈረሙ። በየበዓሉ ግን «ካዝናው ደህና ነው?» ይሉኛል። ከእኔ ጤና በፊት!

ሰላም፦ (ሳቅ) እሺ፣ በናትህ እንመለስ። ማስታወቂያው «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። ስንት ትፈልጋለህ ሲሉህስ? እኔ ቁጥር አልጠራም። «የእናንተ ስኬል ስንት ነው?» እላለሁ።

ቢኒ፦ እኔ እጠራለሁ። ዝም ካልሽ እነሱ ዝቅ አድርገው ይጠሩልሻል።

ሰላም፦ ሊሰጡህ ካሰቡት በታች ብትጠራስ?

ቢኒ፦ እሱስ… ብቻ ስትጠሪ «የተጣራ ነው ያልተጣራ?» በይ። ግብር አለ፣ ለጡረታም 7 በመቶ ይቆረጥብሻል። አንዳንዱ የመጀመሪያ ወር ደመወዙን ሲያይ ተሳስተው የላኩለት ይመስለዋል።

ሰላም፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ቁጥሩን ግን ቀድሜ አልጠራም።

ቢኒ፦ አትጥሪ! ዋሱን ብቻ ቀድመሽ ፈልጊ።

ሰላም፦ አሁንም ዋስ! የሙከራ ጊዜውን ሳንነካ እንዳንወጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት።

ቢኒ፦ የሥራ ቀን ነው ታዲያ። እሁድ ስለማይቆጠር ከሁለት ወር ያልፋል። ለሥራው አትሆኚም ካሉሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሻል። አንቺም ካልተመቸሽ እንደዚያው ትወጫለሽ።

ሰላም፦ የኔ ምክር ደግሞ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ። ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ስታዩ ቢሮው ይገባችኋል።

ቢኒ፦ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ይዛችሁ እንዳትሄዱ ብቻ።

ሰላም፦ እሱማ እንደ ቢሮው ነው።

ቢኒ፦ የለም፣ የለም፣ በዚህ አልስማማም!

ሰላም፦ ሰዓት አልቋል፣ ሳምንት ትጨቀጭቀኛለህ። ቻው!