ሳንሱር ከቀረ በኋላ ጋዜጣ የት ይታነቃል?

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት]

ተራኪ፦ በደርግ ዘመን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሳንሱር ክፍል ይገባ ነበር። ያንን የ1985ቱ የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ሻረው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ከዚያ ወዲህም ግን ተጽፎ አንባቢ እጅ ያልደረሰ ጋዜጣ አለ። ለምን? አዋጁን ትተን ጋዜጣውን እንከተል።

[ምስል፦ የሚሽከረከር ማተሚያ፣ ፕሌት]

ባለ 16 ገጽ ጋዜጣ ማለት 4 ትልልቅ ወረቀት ነው፤ አንዱ ታጥፎ 4 ገጽ ይወጣዋል። ባለ ቀለም ገጽ ብቻውን 4 ፕሌት (የገጹ ቅጂ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) ይፈልጋል። በመጨረሻው ሰዓት «ይቺ ዜና ትውጣ» ከተባለ ፕሌቱ እንደገና ይሠራል፣ የማተሚያ ተራው ያልፋል። ሳምንታዊ ጋዜጣ ቀኑ ካለፈ ማን ይገዛዋል?

በብዛትና በተመጣጣኝ ዋጋ ጋዜጣ የሚያትመው ቤት ደግሞ ለዓመታት በተግባር አንድ ነበር፤ እሱም የመንግሥቱ ብርሃንና ሰላም። ሚያዝያ 2004 ማተሚያ ቤቱ ሕግ ይጥሳል ያለውን ጽሑፍ «አላትምም» ለማለት የሚያስችለው ውል ለአሳታሚዎች አቀረበ። አታሚው አርታኢ ሊሆን ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ጤና የጻፈው የፍትሕ ጋዜጣ እትም፣ 30,000 ያህል ቅጂ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ትእዛዝ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ቀረ። ልብ በሉ፦ የታገደው ከታተመ በኋላ ስለሆነ «ቅድመ ምርመራ» አይባልም። ለአሳታሚው ግን ከሳንሱር ይብሳል፤ ሳንሱር ቢያንስ የወረቀት ወጪ አያስከትልም ነበር።

[ምስል፦ አስፋልት ዳር ጋዜጣ ተከራይተው የሚያነቡ ሰዎች]

ሁለተኛው ማነቆ ድምፅ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣ በኪራይ ይነበባል፤ አንዷን ቅጂ ብዙ ሰው ይቀባበላታል፣ አሳታሚው የሚያገኘው ግን የአንዷን ዋጋ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ማስታወቂያ ነው። ከትልልቆቹ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ የመንግሥት ናቸው፦ ባንኩ፣ ቴሌው፣ መሥሪያ ቤቶቹ ከነጨረታቸው። ማስታወቂያ ለመከልከል ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም፤ ስልክ አለማንሳት ይበቃል።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ማነቆው ፈቃድ ነው፤ ሚያዝያ 2017 በተሻሻለው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ ወደ ራሱ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ዞሯል።

[ምስል፦ የጨረታ ገጽ]

አንድን ጋዜጣ ለመመርመር የጥቂት ወራት እትሞቹን ደርድሩ። በየሳምንቱ የወጡትን የመንግሥት ማስታወቂያዎች ቁጠሩ፤ የግሉን ለብቻ። ቁጥሩ በድንገት የወረደበትን ሳምንት ካገኛችሁ፣ ከዚያ በፊት የወጡትን ሁለት ሦስት የፊት ገጾች መለስ ብላችሁ አንብቡ።