ዘንጉ በየት በኩል ይጎብጥ? እጅስ ምኑን ይያዝ?

(ምስል፦ ደሴ፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት። ሁለት በርጩማዎች ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ በላያቸው የወይራ ዘንግ ተጋድሟል። ከዘንጉ መሐል ቢጫ ጀሪካን በገመድ ተንጠልጥሏል።)

የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ ይህ ጀሪካን 20 ሊትር ውሃ ስለያዘ ወደ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከዘንጉ ጎን ማስመሪያ አቁመናል፤ ጀሪካኑ ከመሬት ሲነሣ ዘንጉ ከመሐሉ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ማስመሪያው ላይ ይነበባል። በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወቱ ሰዎች ስለ ዱላቸው ሲነጋገሩ ቀድመው የሚጠያየቁት ቁጥር የሚገኘው በዚሁ ዓይነት ሙከራ ነው። ቁጥሩን ፍሌክስ ይሉታል፤ ዘንጉን ከመሐሉ 1 ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ለማጉበጥ ስንት ፓውንድ ጭነት እንደሚያስፈልግ ያመለክታል። 85 ተብሎ የተጻፈበት ዘንግ ያን ያህል የሚጎብጠው 38.5 ኪሎ ግራም ገደማ ሲጫነው ነው፤ ይህም ሁለት ሙሉ ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክብደት ነው።

ደሴ ብርዷ የታወቀ ቢሆንም የበረዶ ሜዳ የላትም፤ የገና ጨዋታ ግን አላት። ለታኅሣሥ 29 ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ ሩር ያሳደደ ሰው ሁሉ፣ ዱላ ሲመታ እጅ ላይ ምን እንደሚሰማ ያውቃል። ስለዚህ ስለ ሆኪ ዘንግ የምንናገረው ነገር ለእኛ እንግዳ አይሆንም።

አስቀድመን ግን ሁለት ቃላትን መለየት ይኖርብናል። አንድን ዱላ «ጠንካራ» ስንል አንዳንድ ጊዜ አይሰበርም ማለታችን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አይጎብጥም ማለታችን ነው። እነዚህ የተለያዩ ጠባዮች ናቸው። የማይሰበረውን ጠንካራ፣ የማይጎብጠውን ግትር ብንለው ነገሩ ይጠራል። ልምጭ ግትር አይደለም፤ ነገር ግን በቀላሉ አይሰበርም። መስታወት ግትር ነው፤ ነገር ግን ይሰበራል። ጥሩ የሆኪ ዘንግ ጠንካራ ሆኖ፣ ግትርነቱ ለያዘው ሰው ጉልበት የተመጠነ መሆን አለበት።

(ምስል፦ የኃይለኛ ምት ሥዕል፣ በዝግታ።)

መጉበጡ ለምን ይፈለጋል? ተጫዋቹ ኃይለኛ ምት ሲመታ ዱላው ቀድሞ የሚነካው ፓክ የሚባለውን ከ156 እስከ 170 ግራም የሚመዝን ዝርግ ክብ ጎማ ሳይሆን፣ ከፓኩ ጥቂት ወደ ኋላ ያለውን በረዶ ነው። መምቻው፣ ማለትም ፓኩን የሚመታው የዱላው ዝርግ ጫፍ፣ በረዶው ላይ ሲጫን ዘንጉ እንደ ደጋን ይጎብጣል፤ የተጫዋቹም ጉልበት ለቅጽበት በጎበጠው ዘንግ ውስጥ ይጠራቀምና ዘንጉ ሲቃና ወደ ፓኩ ይተላለፋል። ሁለት ዘንጎችን በእኩል ኃይል ብንጫናቸው፣ ግትርነቱ ግማሽ የሆነው እጥፍ ጉልበት ያጠራቅማል። ይሁንና ከልክ በላይ የሚጎብጥ ዘንግ ለመቃናት ስለሚዘገይ ፓኩ ቀድሞት ይሄዳል፤ አቅጣጫውም ይዛባል። በዚህም ምክንያት ብዙ ተጫዋቾች የሰውነታቸውን ክብደት በፓውንድ ወስደው ግማሹን የፍሌክስ መነሻ ያደርጋሉ። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም።

(ምስል፦ በሞርሳ የተያዘ ዘንግ ጫፍ፣ በቅርብ።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የሆኪ ዘንግን ጫፍ ፊት ለፊት ብንመለከተው ክብ አይደለም፤ ማዕዘኖቹ የተሞረዱ አራት ማዕዘን ነው። ስፋቱ ወደ 30፣ ውፍረቱ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰፊው ገጽ ከመምቻው ፊት ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመለከት፣ በምት ጊዜ ዘንጉ የሚጎብጠው በቀጭኑ በኩል ነው።

ግትርነት ከስፋት ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከውፍረት ጋር ግን በሦስተኛ ኃይል፣ ማለትም ውፍረት በውፍረት በውፍረት ተባዝቶ፣ ያድጋል። ስፋቱን ከ30 ወደ 27 ሚሊ ሜትር ብናወርደው ግትርነቱ በ10 በመቶ ብቻ ይቀንሳል። ውፍረቱን ከ20 ወደ 18 ብናወርደው ግን የሚቀንሰው 27 በመቶ ነው። እኔ ይህን በደንብ ሳልረዳ «ትንሽ ላቅልለው» ብዬ ሰፊውን ገጽ 2 ሚሊ ሜትር ላግኩትና፣ ለሳምንት የደከምኩበትን ዘንግ ልምጭ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ መላጊያ ከማንሣቴ በፊት በየትኛው በኩል እንደምልግ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ።

ርዝመትም እንዲሁ ነው። የ150 ሴንቲ ሜትር ዘንግን 10 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን፣ ድጋፎቹን ጫፍና ጫፍ ላይ አድርገን ብንለካው፣ ግትርነቱ በ23 በመቶ ገደማ ጨምሮ እናገኘዋለን። ለልጅ እንዲሆን የአዋቂ ዱላ ቆርጦ መስጠት ዱላውን አጭር ብቻ ሳይሆን ለደካማ ክንድ የባሰ ግትር ማድረግ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም።

በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የሚኖሩት ሚክማክ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሆኪ ዱላን ከአንድ ወጥ እንጨት ይጠርቡ ነበር፤ ሥርና ግንድ የሚገናኙበትን የተፈጥሮ ጉብጠት ይመርጡ ስለነበር የእንጨቱ ክር ከዘንጉ እስከ መምቻው ሳይቆረጥ ይዘልቃል። የገና ዱላ ፈላጊም የጎበጠ ቅርንጫፍ እየመረጠ የሚቆርጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ክሩን ተከትሎ በመጥረቢያ የተፈለጠ እንጨት፣ ክሩን አቋርጦ መጋዝ ካለፈበት ይልቅ ጉብጠትን ይችላል።

የዛሬዎቹ ዘንጎች በአብዛኛው ካርቦን ፋይበር ከሚባል ቀጭን ክርና ክሩን ከሚያጣብቀው ሬዚን የሚሠሩ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ቱቦዎች ናቸው። ባዶነቱን ለመረዳት ቀርከሃን ማየት ይበቃል። ዘንግ ሲጎብጥ አንደኛው ገጽ ይወጠራል፣ ተቃራኒው ይጨመቃል፤ መሐሉ ግን እምብዛም ሥራ ስለሌለው ቢወጣ ብዙ አይጎዳም። ቀርከሃን ከመጨፍለቅ የሚጠብቁት አንጓዎቹ ናቸው። የካርቦን ዘንግ አንጓ ስለሌለው ሠሪዎች ክሩን በተለያየ አቅጣጫ ይደርባሉ፦ በቁመት የሄደው መጉበጥን፣ በ45 ዲግሪ የተጋደመው መጠምዘዝን፣ ዙሪያውን የታሰረው መጨፍለቅን ይከላከላል። ድርቡንና ውፍረቱን ከቦታ ቦታ በመለዋወጥም ዘንጉ ከመሐል ወይም ወደ መምቻው ቀረብ ብሎ እንዲጎብጥ ያደርጋሉ። የታችኛው ጉብጠት ለፈጣን የእጅ አንጓ ምት፣ የመሐሉ ለኃይለኛው ምት ይመቻል።

እዚህ ላይ ስለ አየር ጠባይ አንድ ነገር ልጨምር። በክረምት ደሴ ላይ የተላገ እንጨት ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ወርዶ ሲሰነብት ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይገትራል። ስለዚህ ሳይደርቅ የተለካ ቁጥር አይታመንም።

(ምስል፦ ክብ የገና ዱላና ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ የያዙ ሁለት እጆች።)

አያያዙም የሚመነጨው ከዚሁ ቅርጽ ነው። ሩሩ ወይም ፓኩ መምቻውን ሲነካ የሚያርፈው ከዘንጉ መስመር ውጭ ስለሆነ ዘንጉን ሊያዞረው ይሞክራል። ክብ ዘንግ እጅ ውስጥ የሚደገፍበት ትከሻ የለውም፤ አጥብቆ ከመጨበጥ በቀር መከላከያ የለም፤ የጨበጠ ክንድ ደግሞ ይደክማል። ባለ አራት ማዕዘኑ ግን ጣቶች የሚያርፉባቸው ጠፍጣፋ ገጾች ስላሉት ተጫዋቹ መምቻው ወዴት እንደዞረ ዓይኑን ሳያሳርፍ ያውቃል። ማዕዘኑ የሰላ ከሆነ መዳፍ ይቆርጣል፤ በካርቦን ዘንግ ላይ ደግሞ ክሩ በሰላ ማዕዘን ላይ በደንብ አይተኛም፣ ቦታውም ደካማ ይሆናል። ስለዚህ ማዕዘኑን በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ለእጅም ለዘንግም ይጠቅማል።

የሁለቱ እጆች ሥራ ግን አንድ አይደለም። የላይኛው እጅ ከዘንጉ ጫፍ አይላቀቅም፤ ለእርሱ የጨርቅ ፕላስተር ጠምዝዞ፣ ጫፉ ላይ እብጠት ማበጀት ያስፈልጋል። የታችኛው እጅ ግን እንደ ጨዋታው ሁኔታ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ዘንጉን በሙሉ በሚያጣብቅ ቀለም መቀባት ይህን እጅ እንደ ማሰር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሸካራ ማድረግ ከተፈለገም በስሱ ይሁን። የእኛ ቅቤ የጠጣ ዱላ ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለበት። ቅቤው እንጨቱን ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል፤ ባዶ እጅ ሲያልበው ግን ያንሸራትታል።

(ምስል፦ ጀሪካኑ ተፈትቶ ወርዷል። እጅ ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ሲወለውል።)

በዚህ የወይራ ዘንግ ላይ መጀመሪያ የላይኛውን 15 ሴንቲ ሜትር ወልውለን ፕላስተር እንጠመጥማለን፤ ከዚያ በታች ያለውን ደግሞ እጅ እንዲሄድበት ሳንቀባ እንተወዋለን።