ትከሻ ከመሳባችሁ በፊት ራጅ

እንደምን ዋላችሁ የደሴና የአካባቢዋ ወገኖቼ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወጌሻዎቻችን፣ የባጃጅ ልጆች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የማወራው ስለ ትከሻ ነው። የሐረጎ ቁልቁለትና የክረምቱ ጭቃ ባለበት አገር፣ ትከሻው የወለቀ ሰው የሌለበት ሰፈር አይገኝም። ከትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ አብዝቶ የሚወልቀውም እሱ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅ ነው፤ የተቀመጠበት ጉድጓድ ግን ጥልቀት የለውም። ክንዳችንን እንደልብ የምናዞረው በዚህ ነው፤ የሚወልቀውም በዚሁ።

ሰው እጁን ዘርግቶ ይወድቃል። ትከሻው ቅርጹን ያጣል። ዘመድ ይሰበሰባል። «አብሽር፣ ወልቆ ነው» ይባልና አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይስባል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ውልቃትና ስብራት በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አብረው የሚመጡበትም ጊዜ አለ፣ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ። የተሰበረ አጥንት ሲሳብ ስብራቱ ሊባባስ፣ አጠገቡ ያለው ነርቭና የደም ሥርም ሊጎዳ ይችላል። ራጅ ይህን በደቂቃዎች ይለያል።

ወጌሻን ለማጣጣል አልመጣሁም። የብዙዎቹ እጅ ልምድ ያለው እጅ ነው። ግን ባበጠ ትከሻ ውስጥ ያለን ስንጥቅ ጣት አያገኘውም።

የራጅ ባለሙያው ክንዳችሁን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲያደርገው አትቆጡት። አንድ ፎቶ አይበቃም። ከ100 የትከሻ ውልቃት 95 ያህሉ ወደ ፊት የወጣ ነው። ወደ ኋላ የሚወጣው ግን ሸረኛ ነው፤ ከፊት ብቻ ከተነሳ ደህና ሊመስል ይችላል። የሚጥል በሽታ የጣለው ወይም ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው «ትከሻዬን» ካለ፣ ምን እንደደረሰበት ለሐኪሙ ንገሩ። ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ካቃተው ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ።

ትከሻው ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላም ድጋሚ ራጅ ይታዘዛል። «ገንዘባችንን ሊበሉ ነው» የሚል አይጠፋም። ኧረ አይደለም! ቦታው መግባቱን፣ በፊት ያልታየ ስብራትም አለመኖሩን ለማየት ነው። ጨረሩ እጅግ ትንሽ ነው። እርጉዝ የሆነች ግን ቀድማ ትንገረን።

ራጅ ሁሉን ያያል ማለቴ አይደለም። አጥንትን በደንብ ያሳያል፤ የተበጠሰ ጅማትን ግን አያሳይም። «ራጁ ደህና ነው» ተብላችሁ ክንዳችሁ አልነሳ ካለ ተመለሱ። አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ የሚባል ጅማትን የሚያሳይ ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሐኪም ቤት እስክትደርሱ ክንዱን በሽርጥም በነጠላም አንገት ላይ አንጠልጥሉት። አትሹት፣ አትሳቡት። ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ አንድ ደቂቃ አታባክኑ። የድሮ ራጅ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ትከሻ አንዴ ከወለቀ መልሶ መውለቅ ይወዳል፣ በተለይ በወጣት ላይ።

አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። ቅድሚያ ለወጌሻዎቻችን። አመሰግናለሁ።